ዝምድናና የቤት ቍልፍ፤ ስለ ምሥራቅ ሎንዶን ቤተ ሰቦች የተጻፈው መጽሐፍ ሲመረመር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አገር ሕዝብ ኑሮ በምን መንገድ እንደ ተለወጠ ለማጥናት የሚፈልግ ሰው፥ ከፖለቲካ መሪዎች ንግግር የማያገኘውን ትምህርት ከአንድ አነስተኛ መጽሐፍ ሊያገኝ ይችላል። መጽሐፉ ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት በ1957 ያሳተሙት «ቤተ ሰብና ዝምድና በምሥራቅ ሎንዶን» ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ይህ መጽሐፍ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ሲነበብ፥ ከተማ በሚቀይሱና ቤት በሚያሠሩ ሰዎች ዘንድም ሲጠቀስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ብዙ የተመሰገነ መጽሐፍ ሁሉ በሚገባ ተመርምሯል ማለት አይደለም። ደራሲዎቹ በዝምድና ውስጥ ያዩት መረዳዳትን ነው፤ ያው መረዳዳት ዘመድ ለሌለው ሰው የተዘጋ በር ሊሆን እንደሚችል ግን ሳይመረምሩት አልፈዋል። የመጽሐፉ ብርታትም ድካሙም የሚታየው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። ሰር ዊሊያም ቤቨሪጅ በ1942 ባቀረቡት ራፖር ላይ ተመሥርቶ፥ በ1945 ምርጫ ያሸነፈው የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት በ1946 የብሔራዊ ኢንሹራንስን ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ለብቻው የአዳዲስ ከተሞችን ሕግ ደነገገ፤ ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮም ሕዝቡ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚታከምበትን ድርጅት አቋቋመ። በ1951 ሥልጣን የያዘው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲም ይህን መሠረት አላፈረሰውም፤ እንዲያውም የቤቶች ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ማክሚላን በዓመት 300,000 ቤት እንዲሠራ ፓርቲያቸው የገባውን ቃል በ1953 ፈጸሙ። ምግብ በራሽን መከፋፈሉ በ1954 ቀረ። ስለዚህ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል የነበረው ክርክር መንግሥት ለሕዝቡ ቤት ይሥራ ወይስ አይሥራ የሚል ሳይሆን፥ ማን ብዙና ፈጥኖ ይሠራል የሚል ነበር። የሚሠራው ቤት የሚገባበትን ሰው ኑሮ ምን እንደሚያደርገው የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

ይህን ጥያቄ ካነሡት አንዱ ማይክል ያንግ መሆናቸው የሚያስገርም ነው። ያንግ የሠራተኞች ፓርቲ የጥናት ክፍል ኀላፊ ሆነው ያገለገሉ፥ ፓርቲው በ1945 ለምርጫ ያቀረበውን መግለጫ ያረቀቁ ሰው ናቸው። መንግሥቱ ሲሠራ በቅርብ ከተመለከቱ በኋላ ግን፥ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አማካይነት የሚሰጠው እርዳታ ተራውን ሰው ከአጠገቡ ካሉት ሰዎች ጋር የሚያስተሳስረውን ነገር ይዘነጋል የሚል አሳብ አደረባቸው። በ1954 በምሥራቅ ሎንዶን ቤትናል ግሪን በሚባለው ሰፈር የኅብረተሰብ ጥናት ተቋም አቋቋሙ፤ መጽሐፉም የዚሁ ተቋም የመጀመሪያ ፍሬ ነው። እንግዲህ ጥናቱን ያካሄዱት ከሩቅ የመጡ ገለልተኛ ታዛቢ አይደሉም፤ አዲሱን መንግሥታዊ ሥርዐት ለማቆም የደከሙ፥ ኋላም ሥራው የጐደለውን ነገር ለማግኘት የወጡ ሰው ናቸው። ይህን ማወቅ መጽሐፉን ለመናቅ ሳይሆን በትክክል ለማንበብ ያስፈልጋል።

ጥናቱ ለኢትኖሎጂ ተማሪ ያለው ጥቅም ሌላ ምክንያትም አለው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሊቃውንት የዝምድናን ሥርዐት የሚያጠኑት በአብዛኛው በአፍሪካና በፓሲፊክ ደሴቶች ነበር። ስለ ራሳቸው አገር ሲናገሩ ግን ብዙዎቹ፥ ኢንዱስትሪ በተስፋፋበት ከተማ ሰፊው ዝምድና ጠፍቶ የቀረው ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ብቻ ነው ይሉ ነበር። በቲኮፒያ ደሴት ጥናታቸው የታወቁት ሬመንድ ፈርዝ በ1956 ስለ ሎንዶን ዝምድና ሁለት ጥናቶችን አንድ ላይ አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት ኤልዛቤት ቦት ስለ ሎንዶን ባለትዳሮችና ስለ ግንኙነታቸው መረብ፥ ፒተር ታውንዘንድም ስለ ቤትናል ግሪን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ኑሮ ጻፉ። የሩቅ ሕዝብ ይጠናበት የነበረው ዐይን ወደ ገዛ አገር ተመለሰ ማለት ነው። ያንግና ዊልሞት ከመራጮች መዝገብ በየተራው የተመረጡ 933 ሰዎችን አነጋገሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ትናንሽ ልጆች ያሏቸውን 45 ባልና ሚስት በረጅሙ ጠየቁ። ከዚያም ሰፈሩን ለቀው ኤሴክስ ወደሚገኘው አዲስ የመንግሥት መንደር የሄዱትን፥ በቍጥር ከእነዚህ ብዙም የማይለዩ ባለትዳሮችን ተከትለው ጠየቁ። መንደሩ ዴብደን ሲሆን፥ በመጽሐፉ ውስጥ ግሪንሊ የሚል የተለወጠ ስም ተሰጥቶታል።

ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚነበበው ስለ እናትና ስለ ሴት ልጅዋ የሚናገረው ነው። በቤትናል ግሪን ያገባች ሴት ከእናትዋ ጋር ያላት ግንኙነት በጋብቻ አይላላም፤ ይልቁንም ልጅ ስትወልድ ይጠብቃል። እናትዋ ቤት ሳትደርስ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ገበያ አብረው ይወጣሉ፤ ስትወልድ የምታርሳት እናትዋ ናት፤ ሥራ ብትይዝም ልጆችዋን የምትጠብቅላት እርስዋው ናት። በእናትዋ በኩል ከእኅቶችዋና ከአክስቶችዋ ጋር ትገናኛለች፤ በእነርሱም በኩል የመንገዱን ሰው ሁሉ ታውቃለች። ደራሲዎቹ ዝምድና ሰውን ከጐረቤት የሚለይ አጥር ሳይሆን ወደ ጐረቤት የሚያሻግር ድልድይ ነው ያሉት ስለዚህ ነው። ደመወዙን ደብቆ በመጠጥ ቤት የሚያመሽ ተብሎ ይነገርለት የነበረው የሠራተኛ መደብ ባልም እንደ ተለወጠ፥ ሚስቱን በቤት ሥራና በልጆች አስተዳደግ መርዳት እንደ ጀመረ ያሳያሉ። ሰፈሩ ድኻ፥ ቤቱ ጠባብና ያረጀ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ የሚኖረው ሰው ብቸኛ አልነበረም።

ቤት የሚገኝበትም መንገድ በእናት እጅ ነበረ። በዚያን ጊዜ ብዙው ቤት የግል አከራዮች ንብረት ነበር። ኪራይዋን ለብዙ ዓመታት ሳታጓድል የከፈለች እናት፥ በአካባቢው ቤት ሲለቀቅ ኪራይ ለሚሰበስበው ሰው ስለ ልጅዋ ትናገርላታለች፤ እርሱም የእናትን ጠባይ እንደ ዋስትና ቈጥሮ ልጅዋን ያስገባታል። በአማርኛ ለዚህ ሥራ የተስማማው ቃል አማላጅነት ነው። የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት ለሚያከራየው አዲስ ቤት ግን ይህ አማላጅነት አይሠራም። ምክር ቤቱ የሚመለከተው የአመልካቹን ችግር ነው፤ ስንት ነፍስ በስንት ክፍል ውስጥ እንደሚኖር፥ ቤቱ ሊፈርስ የተወሰነበት መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል እንጂ፥ እናቱ በየትኛው መንገድ እንደምትኖር አይጠይቅም።

በዚህ አኳኋን ግሪንሊ የገቡት ሰዎች የራሳቸው መታጠቢያ ቤትና የአትክልት ቦታ አገኙ፤ ዘመዶቻቸውን ግን ከሩቅ ትተው መጡ። በመጽሐፉ ቍጥር መሠረት፥ በቤትናል ግሪን ሳሉ ሚስቶቹ ከወላጆቻቸውና ከእኅት ወንድሞቻቸው፥ እንዲሁም ከባሎቻቸው ወላጆችና እኅት ወንድሞች ጋር በሳምንት በአማካይ 17 ጊዜ ያህል ይገናኙ ነበር፤ በግሪንሊ ይህ ወደ 3 ጊዜ ወረደ። ባል ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማታውን በቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል። ሚስት ግን ቀኑን ሙሉ የምታነጋግረው አጥታ ትውላለች። ጐረቤት ጐረቤቱን በዘመዶቹ በኩል ስለማያውቀው በመጋረጃውና በዕቃው ይመዝነዋል። ቀድሞ ሰው የሚመዘነው በማንነቱ ነበር፤ በአዲሱ መንደር ግን ባለው ዕቃ ሆነ። ደራሲዎቹም መንግሥት ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ሕንፃው ነው ብሎ እንዳይታለል፥ ሰዎቹን ካኖረበት ነቅሎ ከመውሰድ ይልቅ እዚያው እንዲሠራላቸው መከሩ።

ይህ ምክር ጠቃሚ ነበር። ቤት የሚያሠሩ ሰዎች አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ከግድግዳው ጋር ምን አብሮ እንደሚፈርስ እንዲያስቡ አድርጓል። ነገር ግን ማስረጃው ራሱ ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሰዎቹን ንግግር ይመለከታል። የዚያ ዘመን ቃለ መጠይቆች ማስታወሻ በከፊል ተጠብቆ በካምብሪጅ ቸርችል ኮሌጅ ይገኛል። የታሪክ ጸሐፊው ጆን ሎውረንስ ማስታወሻውን መርምረው በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በ2019 ባወጡትም መጽሐፍ እንዳመለከቱት፥ ከተጠየቁት ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ዘመዶቻቸው የተናገሩት ፍቅርን ብቻ አይደለም። ከአማት ጋር በአንድ ቤት መኖር የመረራቸው፥ የራሳቸውን በር ዘግተው ለመኖር የናፈቁ፥ ሰፈሩን ለመልቀቅ የተመኙ ነበሩ። ደራሲዎቹ ግን አሳባቸውን የሚደግፈውን ንግግር ከፊት አስቀድመው፥ የሚቃወመውን ከኋላ አስቀርተዋል። መጽሐፉ ራሱም ለጥንቁቅ አንባቢ ይህን ይገልጥለታል፤ ወደ ግሪንሊ የሄዱት ሰዎች ለምን እንደ ሄዱ ሲጠየቁ፥ ስለ ልጆቻቸው፥ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ቤቱ ይናገራሉ። ወላጅ ለልጆቹ ሲል ከእናቱ የሚርቅ ከሆነ፥ ይህም የዝምድና ሥራ እንጂ የዝምድና መጥፋት አይደለም። ከእናትና ከልጅ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነበትን ሰው፥ መንግሥት ከዘመዶቹ ነጠለው ብሎ ብቻ ማለፍ የእርሱን ፈቃድ መዘንጋት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው። ግሪንሊ በተጠናበት ወቅት መንደሩ አዲስ ነበር። ትዳሩም አዲስ፥ ልጆቹም ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ ቤት መለወጥ ዝምድናን ይሰብራል ብሎ መፍረድ፥ በተተከለ በሳምንቱ ችግኙ ፍሬ አይሰጥም እንደ ማለት ነው። ይህን ያረጋገጡት ራሳቸው ፒተር ዊልሞት ናቸው። በ1963 ባሳተሙት ጥናት፥ የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት ከ1921 ጀምሮ በዳግነም ወዳሠራው ታላቅ መንደር ሄደው፥ ከአርባ ዓመት በኋላ እናቶችና ያገቡ ሴቶች ልጆቻቸው በቅርብ በሚኖሩበት ቦታ ሁሉ የቤትናል ግሪን የመሰለ ኑሮ ተመልሶ እንዳቈጠቈጠ አገኙ። ያልተመለሰው፥ ለሁለተኛው ትውልድ የሚሆን ቤት በመንደሩ ባለመኖሩ ልጆቹ ርቀው ለመሄድ በተገደዱበት ላይ ነው። እንግዲህ የኋለኛው መጽሐፍ የፊተኛውን ያርመዋል፤ ዝምድናን የሚያላላው አዲስ ግድግዳ ሳይሆን፥ የቤት እጥረትና ቤት የሚታደልበት ደንብ ነው። የፊተኛውን የሚያነብ ብዙ፥ የኋለኛውን የሚያነብ ግን ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እናት ስለ ልጅዋ በተናገረች ጊዜ ቤት ያገኘችው ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ ትታያለች፤ የሚናገርላት እናት በሰፈሩ ስለሌላት ያላገኘችው ሴት ግን አትታይም። ቤቱ አንድ፥ ጠያቂዎቹ ሁለት ከሆኑ፥ ለአንዲቱ ድልድይ የሆነው ዝምድና ለሌላዪቱ አጥር መሆኑ ግልጥ ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ካመዱ» የሚለው ተረት ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለቱንም ያስታውሰዋል፤ የመሰባሰብን ሙቀትም፥ ከስብስቡ ውጭ የቀረውን ሰውም። ያንግና ዊልሞት የመዘገቡት የፊተኛውን ብቻ ነው።

ይህ በአሳብ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ቤትናል ግሪን ከጥንት ጀምሮ ከውጭ የመጣ ሕዝብ የሚሰፍርበት አካባቢ ነበር፤ ከፈረንሳይ የተሰደዱ የሐር ሸማኔዎች፥ ኋላም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ በዚያ ኖረዋል። ለአይሁድ የነበረው ጥላቻም ቀላል አልነበረም። በ1937 ለሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ የኦስዋልድ ሞዝሊ ፋሽስቶች በሰሜን ምሥራቅ ቤትናል ግሪን ከመቶ 23 ያህል ድምፅ አግኝተው ነበር። ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ይህ ገና የሃያ ዓመት ትዝታ እንኳ አልሞላም። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፥ በ1958፥ በምዕራብ ሎንዶን ኖቲንግ ሂል ከካሪቢያን ደሴቶች በመጡ ሰዎች ላይ ሁከት ተነሣ። እነዚህ ሰዎች በ1948 የዜግነት ሕግ መሠረት እንደ ማንኛውም የእንግሊዝ ዜጋ የመግባት መብት ነበራቸው፤ ኪራይ ለሚሰበስበው ሰው የሚናገርላቸው እናት ግን አልነበራቸውም።

በምሥራቅ ሎንዶን ጥያቄው ሙሉ መልኩን የያዘው ኋላ ነው። ቤትናል ግሪን በ1965 ታወር ሃምሌትስ ከሚባለው አዲስ ወረዳ ጋር ተዋሐደ። በዚያው ወረዳ ከባንግላዴሽ፥ በተለይም ከስልሄት፥ የመጡ ቤተ ሰቦች መስፈር ጀመሩ። እነርሱም የመጡት በዝምድና መንገድ ነበር፤ ወንድም ወንድሙን፥ አጎት የእኅቱን ልጅ እየጠራ። ያንግና ዊልሞት ያደነቁትን መተሳሰብ ያህል በመካከላቸው ነበር። ነገር ግን በእንግሊዞቹ ዘመዳሞች ዘንድ እንደ ባዕድ ተቈጠሩ። በሜይ 1978 አልታብ ዓሊ የተባለ የልብስ ስፌት ሠራተኛ በኋይትቻፕል በዘር ጥላቻ ተገደለ። በ1977 የወጣው ቤት ለሌላቸው ሰዎች የተደነገገው ሕግ፥ ምክር ቤቶች ችግሩ ለበረታበት ሰው ቅድሚያ እንዲሰጡ ያስገድድ ነበር፤ ነባሮቹም እኛ እዚህ ተወልደን ልጆቻችን ቤት ሲያጡ ትናንት የመጣው ያገኛል እያሉ አጕረመረሙ። በ1980ዎቹ ዓመታት በወረዳው የነባር ነዋሪዎች ልጆች በቤት ዕደላ ቅድሚያ እንዲያገኙ የሚያደርግ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ደንብ፥ እናት ስለ ልጅዋ ትናገር የነበረው አማላጅነት በመንግሥት መዝገብ ሲጻፍ ማለት ነው። በ1993 ደግሞ በዚሁ ወረዳ፥ በሚልዎል በተደረገ የማሟያ ምርጫ፥ የቀኝ አክራሪ ፓርቲ ዕጩ የቤትን ጕዳይ መፈክሩ አድርጎ የምክር ቤት ወንበር ያዘ።

ያንግ ይህን ጕዳይ ሳያነሡት አልሞቱም። ከጂኦፍ ዴንችና ከኬት ጋቭሮን ጋር የደከሙበት ሁለተኛ ጥናት እርሳቸው በ2002 ካረፉ በኋላ በ2006 ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ደራሲዎቹ የነባሮቹን ቅሬታ የወለደው፥ መንግሥት የጋራ ሀብትን በቦታው ለኖረና ለደከመ ሰው መስጠቱን ትቶ በችግር መጠን ማደል መጀመሩ ነው አሉ። ብዙዎች ተቃወሟቸው፤ የዘር ጥላቻን ከደንብ ስሕተት እንደ መጣ ነገር ብቻ ማየት ጥላቻውን ማቃለል ነው ብለው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር መጨመር ይቻላል። የ2006ቱ መጽሐፍ ስሕተት አዲስ አይደለም፤ በ1957ቱ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ነው። ዝምድና ቤት የማግኛ ሕግ ሆኖ ሲመሰገን፥ ዘመድ የሌለው ሰው በምን ሕግ ያግኝ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ ነበር። አምሳ ዓመት ቈይቶ ጥያቄውን የጠየቁት ሊቃውንቱ ሳይሆኑ በሰልፍ የቆሙት ባዕዳን ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ፥ የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት ትክክል፥ ያንግና ዊልሞት ስሕተተኞች ነበሩ የሚል መደምደሚያ አይወጣም። በችግር መጠን የሚያድል መሥሪያ ቤት ሰውን በቍጥር እንጂ በዘመድ ስለማያውቀው፥ የአንዲትን ሴት ችግር ሲፈታ ሌላ ችግር ይፈጥርባታል፤ ይህን ማንም ሳያስተውለው ያስተዋሉ ደራሲዎቹ ናቸው። ሆኖም ያው ዘመድ የማይጠይቅ መዝገብ፥ በሰፈሩ የሚያውቀው የሌለው ሰው እኔም ይገባኛል ብሎ የሚቆምበት ብቸኛ ቦታ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመው ሥርዐት በእነዚህ በሁለቱ ሕጎች፥ በዝምድና ሕግና በችግር ሕግ መካከል የቆመ ነበር፤ ሁለቱንም የሚያስታርቀው በቂ ቤት መኖሩ ብቻ እንደ ሆነ የዳግነም ታሪክ ያመለክታል። ቤት በጠፋበት ዘመን ሁሉ ግን ሁለቱ ሕጎች ይጣላሉ፤ ጠቡም የዘር መልክ ይይዛል።

ስለዚህ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ሊነበብ ይገባዋል። ዝምድናን የሚያጠና ተማሪ በየትኛውም አገር ቢሆን፥ ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡትን ሲቈጥር፥ የሚሰጡት ነገር ከየት እንደ መጣና በዚያው ጊዜ ለማን እንደ ተከለከለ አብሮ መቍጠር አለበት። በቤትናል ግሪን የእናትን ቤት በር ከፍተው የገቡት ጠያቂዎች የቤቱን ሰው ሁሉ በሚገባ መዝግበዋል። ከበሩ ውጭ ቆሞ የነበረውን ሰው መመዝገብ ከእነርሱ በኋላ ለመጡት ተመራማሪዎች የቀረ ሥራ ነው።